«ስዋፑ ሞልቷል ይለኛል»፦ ስለ ሰርቨር ስዋፕ ጥያቄና መልስ

ስለ ስዋፕ የምትልኩት ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ። ስዋፕ ማለት ራም (ፈጣኑ ሜሞሪ) ሲጠብ ከእሱ የሚወርደው ነገር የሚቀመጥበት የዲስክ ቦታ ነው። አብዛኞቻችሁ ሰርቨራችሁን የምትቆጣጠሩት በዌብሚን (በብራውዘር የሚከፈት የሰርቨር ማስተዳደሪያ ፓነል) ስለሆነ ምሳሌዎቼን ከዚያው አመጣለሁ። ከርነሉ (ሜሞሪውንና ፕሮግራሞቹን የሚያስተዳድረው የሲስተሙ እምብርት) ያው ሊኑክስ ነውና ሌላ ፓነል ለምትጠቀሙም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ዌብሚን ዳሽቦርድ ላይ «ቨርቹዋል ሜሞሪ» 85 በመቶ ሆኗል። ራሙ ግን ግማሹ ነፃ ነው። ሳይቱም አይንቀራፈፍም። ልጨነቅ?

መልስ፦ አትጨነቅ። ዌብሚን «ቨርቹዋል ሜሞሪ» ብሎ የሚያሳይህ ስዋፑን ነው። ቁጥሩ ምን ያህሉ እንደተያዘ ይነግርሃል፤ መቼና ለምን እንደተያዘ ግን አይነግርህም። ሌሊት ባክአፕ ሲሄድ ራም ጠቦ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከርነሉ ማንም የማይነካቸውን የሜሞሪ ገጾች ወደ ዲስክ ያወርዳል። ባክአፑ ሲያልቅ ራሙ ይለቀቃል፤ የወረዱት ገጾች ግን የሚፈልጋቸው ፕሮግራም እስኪመጣ እዚያው ይቀመጣሉ። ከርነሉ በራሱ ተነስቶ አይመልሳቸውም። ስለዚህ ጠዋት የምታየው 85 በመቶ የሌሊቱ ነው።

መታየት ያለበት እንቅስቃሴው ነው። ቴርሚናል ከፍተህ «ቪኤምስታት 1» በል። በየሰከንዱ አንድ መስመር ይወጣል። «ኤስአይ» የሚለው አምድ ከስዋፕ ወደ ራም የሚመለሰውን ያሳያል፤ «ኤስኦ» ደግሞ ከራም ወደ ስዋፕ የሚወጣውን። የመጀመሪያውን መስመር ተወው፤ ሰርቨሩ ከተነሳ ጀምሮ ያለው አማካይ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዜሮ አካባቢ ከሆኑ ሰርቨርህ ደህና ነው። ሁለቱም አምዶች ሳያቋርጡ ትልልቅ ቁጥር የሚያወጡ ከሆነ ግን መቶኛው 30 እንኳ ቢሆን ችግር አለ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ግን ቁጥሩ ዓይኔን እየረበሸኝ ነው። ስዋፑን አጥፍቼ መልሼ ባበራውስ?

መልስ፦ ይቻላል። መጀመሪያ ግን «ፍሪ» የሚለውን ትእዛዝ ስጥና «አቬይለብል» (ለአገልግሎት ያለ ራም) የሚለውን አምድ ተመልከት። ስዋፕ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ራም ስለሚመለስ ለእሱ የሚበቃ ቦታ ከነትርፉ መኖር አለበት። ከሌለ ወይ ስዋፕ የሚያጠፋው ትእዛዝ «ስዋፕኦፍ» እምቢ ይላል፣ ወይ ከርነሉ አንዱን ፕሮግራም ይገድላል። ደንበኛ በሚበዛበት ሰዓት አትሞክረው። እውነቱን ለመናገር፣ ቁጥሩን ከማሳመር በቀር ጥቅም የለውም።

ጥያቄ፦ የኔ ደግሞ ስዋፕ ጭራሽ ዜሮ ነው። የተከራየሁት ትንሽ ሰርቨር ነው። ዌብሚን ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ዌብሚን አልተበላሸም፣ እህቴ። ከከርነሉ የሚነገረውን ነው የሚያሳይሽ። ስዋፕ የሚያበራውን ትእዛዝ «ስዋፕኦን»ን ከ«ሾው» አማራጭ ጋር ብለሽ አረጋግጪ፤ ምንም ካላወጣ የሚሠራ ስዋፕ የለም ማለት ነው። ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ሊሆን ይችላል።

አንደኛው፣ ብዙ የክላውድ ኢሜጆች (አከራዮች ሰርቨር የሚያስነሱባቸው ዝግጁ ሲስተሞች) ያለ ስዋፕ ነው የሚመጡት። ያ ከሆነ ራስሽ ትፈጥሪያለሽ። ሁለተኛው፣ የተከራየሽው ሰርቨር ኮንቴይነር (የዋናውን ማሽን ከርነል የሚጋራ ክፍል) ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ኦፕንቪዜድ ወይም ኤልኤክስሲ። እዚያ ስዋፑ የዋናው ማሽን ስለሆነ ከውስጥ ላብራ ብትይ «አይፈቀድም» ይልሻል። ያኔ የሚያስተካክልልሽ አከራይሽ ብቻ ነው፣ አትልፊ።

ሦስተኛው ሰውን በጣም የሚያደክመው ነው። ስዋፑ አለ፤ ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ግን አይነሳም። አንድ ሰው በስዋፕ ፓርቲሽኑ (ለስዋፕ በተለየው የዲስክ ክፍል) ላይ ስዋፕ የሚያዘጋጀውን ትእዛዝ «ኤምኬስዋፕ»ን ደግሞ ካስኬደ ዩዩአይዲው (መለያ ቁጥሩ) ይቀየራል። ሰርቨሩ ሲነሳ በሚያነበው «ኤፍስታብ» ፋይል ውስጥ ያለው ግን የድሮው ነው። ሁለቱን አስተያዪ። ዌብሚን ውስጥ «ሲስተም» ከሚለው ሥር «ዲስክ ኤንድ ኔትወርክ ፋይልሲስተምስ» ላይ የ«ኤፍስታብ»ን መስመር ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ የስዋፕ ፋይል ፈጥሬ ላበራው ስል «ፋይሉ ቀዳዳ አለው» የሚል መልእክት መጣብኝ።

መልስ፦ ፋይሉ ዲስኩ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተጻፈም ማለት ነው። «ትራንኬት» የሚለው ትእዛዝ የፋይሉን መጠን ያስቀምጣል እንጂ ምንም አይጽፍም። ቦታ የሚይዘው ትእዛዝ «ፋሎኬት»ም በአንዳንድ ፋይልሲስተም ላይ ያስቸግራል። አጥፋውና በ«ዲዲ» ትእዛዝ በዜሮ እየሞላህ ፍጠረው፤ ትንሽ ይቆያል ግን አስተማማኝ ነው። ፈቃዱን 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) አድርገው፤ ስዋፕ ውስጥ የይለፍ ቃል ሊኖር ስለሚችል ሌላ ተጠቃሚ ማንበብ የለበትም። ከዚያ «ኤምኬስዋፕ»፣ ከዚያ «ስዋፕኦን»፣ በመጨረሻም «ኤፍስታብ» ውስጥ መስመሩን ጨምር።

ጥያቄ፦ መጠኑ የራሙ እጥፍ ይሁን ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ራም በሜጋ በሚቆጠርበት ዘመን የተባለ ነው። 2 ጊጋ ራም ላላት ትንሽ ሰርቨር ከ1 እስከ 2 ጊጋ ይበቃል። 64 ጊጋ ላለው ማሽን 128 ጊጋ ስዋፕ ማድረግ ዲስክ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ «ስዋፒነስ»ን ዜሮ ባደርገው ስዋፕ መጠቀም ያቆማል?

መልስ፦ አያቆምም። «ስዋፒነስ» ከርነሉ ስዋፕን ምን ያህል ቶሎ እንደሚጠቀም የሚወስን ቁጥር ነው፤ መነሻው 60 ነው። ዜሮ ማለት «የመጨረሻው ጭንቅ እስኪመጣ አትንካው» ማለት ነው። ለዳታቤዝ ሰርቨር 10 አድርገው ተመልከተው። ግን አስታውስ፣ ይህ ቁጥር ራም አይጨምርልህም።

ጥያቄ፦ ዳታቤዛችን ሌሊት ሌሊት ይሞታል። ስዋፑ 100 በመቶ ነው፤ «ኤስአይ» እና «ኤስኦ»ም አያርፉም። ስዋፕ ልጨምር?

መልስ፦ አትጨምር። አንተ ጋ ያለው የምር የራም እጥረት ነው። ስዋፕ ብትጨምር ሰርቨሩ ከመሞቱ በፊት ለረጅም ሰዓት ይንፈራገጣል እንጂ አይድንም። መጀመሪያ የከርነሉን ሎግ አንብብ። «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር ካገኘህ ዳታቤዙን የገደለው ከርነሉ ነው። የተገደለው ግን ሁሌ ጥፋተኛው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ብዙ ሜሞሪ የያዘው ይመረጣል፣ ያ ደግሞ ዳታቤዙ ነው።

ጥፋተኛውን ለማግኘት የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው «ቶፕ» ውስጥ ገብተህ «ኤፍ» ተጫንና የስዋፕን አምድ ጨምር። ድረ ገጽ የሚያስተናግድ ሰርቨር ከሆነ የፒኤችፒ ገጾችን የሚያስኬደውን ፒኤችፒ ኤፍፒኤምን ጠርጥር። «ማክስ ችልድረን» (በአንድ ጊዜ የሚነሱ ፕሮሰሶች ጣሪያ) 40 ቢሆንና እያንዳንዱ ፕሮሰስ 60 ሜጋ ቢበላ 2400 ሜጋ ይሆናል። 2 ጊጋ ራም ላይ ዳታቤዙን ሳትቆጥር አልፈሃል! ወደ 15 ዝቅ አድርገው። ዳታቤዙ ዳታ የሚይዝበት ሜሞሪ፣ የኢኖዲቢ በፈር ፑልም፣ ስንት እንደተሰጠው እይ፤ መነሻው 128 ሜጋ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከኢንተርኔት ቀድቶ 1 ጊጋ ያደርገዋል። ከዚያ ባክአፑንና ሌሎቹን ክሮን ሥራዎች (በሰዓት የሚነሱትን) በተለያየ ሰዓት አድርጋቸው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልቻለ ራም ግዛ።

ጥያቄ፦ ኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር ሲስተም) ልጭን ስል ስዋፕ አጥፋ አለኝ። ላጥፋ?

መልስ፦ አዎ። በየሰርቨሩ የሚሠራው የኩበርኔቲስ ፕሮግራም «ኩብሌት» በመነሻው ስዋፕ ካየ አይነሳም። «ኤፍስታብ» ውስጥ ያለውንም መስመር ዝጋው፤ አለዚያ ከሪስታርት በኋላ ተመልሶ ይበራል።