ፍየሏ የበላችው ጎመን ዘር

የአፈር ትምህርት የጀመራችሁ የድሬ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ሙቀቱን ቻላችሁት?

ሰሞኑን አንዱ ተማሪ «ጋሼ፣ እርሳስ የሚባለውን ብረት የሚበላ ባክቴሪያ አለ አሉ» አለኝ። የለም አቦ! አፈር ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ከሆነ አዎ፣ ባክቴሪያ ይበላዋል። እርሳስና ካድሚየም የሚባሉት መርዛማ ብረቶች ግን ራሳቸው ንጥረ ነገር ናቸው፤ አይፈርሱም። ቦታ ይቀይራሉ እንጂ።

ስለዚህ ብረቱን በሥሩ ከአፈር የሚስብ ተክል እንዘራና አጭደን እናነሳዋለን። ታዲያ ባክቴሪያው ምን ይሠራል? እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ይኼ ነው። ተክል መርዛማ ብረት ሲበዛበት ይጨነቅና ኤትሊን ያመነጫል። ያው ሙዝ የሚያበስለው ጋዝ። ኤትሊን ሲበዛ ሥሩ ማደጉን ያቆማል። ከሥሩ ዙሪያ የሚኖሩ ባሲለስና ሱዶሞናስ የሚባሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የኤትሊኑን ጥሬ ዕቃ ከሥሩ እየወሰዱ ይበሉታል። እነሱ ናይትሮጅን ያገኛሉ፤ ሥሩ ይረዝማል። ሌሎቹ ደግሞ አሲድ እያወጡ ከአፈሩ ጋር የተጣበቀውን ብረት ያላቅቃሉ። ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉ፤ አረፋ ይደፍቃል። እንዲህ ያለ አፈር ብረቱን ጨምድዶ ነው የሚይዘው። እርሳስማ ከተላቀቀም በኋላ አብዛኛው ሥር ላይ ይቀራል፣ ቅጠል ድረስ የሚወጣው ጥቂት ነው።

ወጣት ሳለሁ፣ አሮጌ ባትሪ ሲገለበጥበት ከኖረ የጋራዥ ጓሮ አፈር አምጥቼ በባልዲ ጎመን ዘር ዘራሁ። የግማሹን ዘር ባክቴሪያ ባለበት ውሃ ነከርኩት፣ ግማሹን ተውኩት። የተነከረው ፋፋ! ላገኘሁት ሰው ሁሉ አሳየሁ። አጥር ግን አላሰብኩም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ድሬ ሙሉ በሙሉ በተኛችበት ሰዓት፣ የጎረቤት ፍየል ገብታ ጠራርጋ በላችው። መጀመሪያ ያናደደኝ የጠፋው ውጤት ነበር። ወተቷ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። የጎረቤቴ ልጆች የሚጠጡት ወተት! አፍሬ እስከ ማታ ዞርኩ። መጨረሻ ላይ ሄጄ ለሴትዮዋ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ወተቱን ደፋችው። ከዚያ ጠየቀችኝ፦

«ፍየሏ ባትበላው ኖሮ፣ ያንን ቅጠል የት ልትጥለው ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ባቃጥለው ብረቱ አመዱ ውስጥ ይቀራል። ደቻቱ ወንዝ ዳር ብደፋው ጎርፍ ይወስደዋል።

እና ልጆች፣ የሙከራ እቅዳችሁን ይዛችሁ ስትመጡ መጀመሪያ የታጨደው የት እንደሚሄድ የጻፋችሁበትን ገጽ አሳዩኝ። ስለ ባክቴሪያው ከዚያ በኋላ እንጨዋወታለን።