ኳሱን ስትረከቡ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በሒሳብ ሥራ ለተቀጠራችሁና በመጀመሪያው ሳምንት ሌላ ሰው ያዝረከረከው መዝገብ ጠረጴዛችሁ ላይ ለተከመረባችሁ ነው። የምጀምረው ግን ከቤዝቦል ነውና ትንሽ ታገሡኝ።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ቤዝቦል የሚያልቅበት ሰዓት የለውም። አንዱ ቡድን ይወረውራል፣ ሌላው ይመታል። የመታው ሰው ሜዳውን ዞሮ ከተመለሰ ነጥብ ይቆጠራል። የሚመታው ቡድን ሦስት ሰው እስኪቃጠልበት ድረስ (በልጅነታችን ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እንደምንለው) ተራው አያልቅም። ሁለቱም ተራ በተራ ሲመቱ አንድ ኢኒንግ ይሆናል። ዘጠኝ ኢኒንግ ይጫወታሉ፤ እኩል ከሆኑ አንዱ እስኪበልጥ ይቀጥላሉ። በእግር ኳስ የሚመራው ቡድን ግብ ጠባቂ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታና እያሰረ ደቂቃ ይገድላል። እዚህ የሚገደል ደቂቃ የለም። የቀረውን ሰው አንድ በአንድ ማቃጠል ግድ ነው።

ሐሙስ ሜይ 17 ቀን 1979፣ በእኛ ግንቦት 9 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ የፊላደልፊያው ፊሊስ ቺካጎ ሄዶ ከከብስ ጋር ተጋጠመ። ሜዳው ሪግሊ ፊልድ ነው። ያ ሜዳ እስከ 1988 ድረስ መብራት ስላልነበረው ከብስ በሜዳው የሚጫወተው በቀን ነበር። በዚያ ቀን ነፋሱ ከመቺው ጀርባ ተነሥቶ ወደ አጥሩ ይነፍስ ነበርና ትንሽ ከፍ ብሎ የተመታ ኳስ ሁሉ አጥር ዘሎ ይሄድ ጀመር።

ፊሊስ ገና በመጀመሪያው ተራ 7 ነጥብ አገባ። ወርዋሪው ራንዲ ለርች ራሱ ሆም ራን (አጥር ዘሎ የሚሄድ ምት) መታ፤ ወርዋሪ እንዲህ ሲመታ ማየት ብርቅ ነው። ደስታው ግን ለሩብ ሰዓት እንኳ የበቃ አይመስለኝም፤ ሊወረውር ሲወጣ አንድ ሰው ብቻ አቃጥሎ ተቀየረ። የከብሱ ዴኒስ ላምፕም ያቃጠለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አንድ ኢኒንግ ሲያልቅ ውጤቱ 7 ለ 6 ነው። በሦስተኛው ፊሊስ 8 ጨመረ፣ በአራተኛው 2፣ በአምስተኛው 4። 21 ለ 9! እኔ ይህን በትርፍና ኪሳራ መግለጫ ላይ ባየው ኖሮ ፈርሜ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

ከብስ በዚያው በአምስተኛው 7 መለሰ። ቢል በክነር በአንድ ምት አራት ነጥብ አስገባ። ዴቭ ኪንግማን በዕለቱ ሦስት ሆም ራን መታ። ከብስ በስድስተኛው 3፣ ፊሊስ በሰባተኛው 1፣ ከብስ በስምንተኛው ደግሞ 3 ጨመሩና 22 ለ 22 ሆነ። ሲያልቅ በጠቅላላው 11 ሆም ራንና 50 ምት ተመዘገበ። (በአሜሪካ ዋናው ሊግ ከዚህ የሚበልጥ ነጥብ የተቆጠረበት አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ እሱም በ1922 በእነዚሁ ሁለት ቡድኖች መካከል በዚሁ ሜዳ የተደረገውና ከብስ 26 ለ 23 ያሸነፈበት ነው። ምን ዓይነት ጎረምሶች ናቸው ያስብላል።)

ታሪኩን የነገሩኝ ቺካጎ ሥራ ስጀምር አጠገቤ ይቀመጡ የነበሩ አንድ አዛውንት የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። ያኔ አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ጥሎት የሄደውን መዝገብ አስረክቦኝ ነበር። የስድስት ወር የባንክ ሒሳብ አልታረቀም፤ መዝገቡ ከባንኩ ጋር አልተመሳከረም ማለት ነው። ደረሰኞቹ በጫማ ካርቶን ውስጥ ናቸው። አንዳንዱ ወጪ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፤ አንዳንዱ ጭራሽ የለም። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ የሠራሁት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የዚያን ሰው ጥፋት መልቀም። ዝርዝሩ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። አንድም ወር ግን አልዘጋሁም።

አዛውንቱ አሥራ አንዱን ገጽ አገላብጠው አዩት፤ ምንም አላሉኝም። በማግስቱ አንድ ያረጀ ወረቀት ይዘው መጡ። የዚያን ቀን ሜዳው ውስጥ ተቀምጠው በእርሳስ የመዘገቡት የጨዋታ ዝርዝር ነው። የከብስ ገጽ እስከ ስምንተኛው ኢኒንግ ድረስ ተደራርቦ ተጽፎበታል፤ ተሠርዟል፤ ዳርቻው ላይ ሳይቀር ተሞልቷል። ከዚያ በኋላ ሁለት ንጹሕ ረድፎች አሉ። በእያንዳንዳቸው 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላው ቦታ ነጭ ነው።

የእነዚያ ሁለት ረድፎች ባለቤት ራውሊ ኢስትዊክ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በሲንሲናቲ ሬድስ የዓለም ሻምፒዮን የነበረና ከሊጉ ምርጥ የመዝጊያ ወርዋሪዎች የሚቆጠር ሰው ነበር፤ በ1979 ግን ያ ዝና ደብዝዟል። 22 ለ 22 ላይ ኳሱ ተሰጠው። ነፋሱ ያው ነፋስ ነው፤ መቺዎቹም እነዚያው ሃያ ሁለት ነጥብ ያገቡት ናቸው። በዘጠነኛው ሦስት፣ በአሥረኛው ሦስት ሰው አቃጠለ። ስድስት መጡ፣ ስድስት ተመለሱ። በመካከሉ የፊሊሱ ማይክ ሽሚት በአሥረኛው ኢኒንግ ሆም ራን መታና ጨዋታው 23 ለ 22 አለቀ።

ሽሚት የመታው በብሩስ ሱተር ላይ ነው። ሱተር በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ የሳይ ያንግ ሽልማት ያገኘ ሰው ነው፤ የዚያ ቀን ሽንፈት ግን በስሙ ተመዘገበ። ይህን ጨዋታ «ተስፋ አትቁረጡ» ለማለት የሚያነሡ ሰዎች ያናድዱኛል። ከብስ ተስፋ አልቆረጠም፤ አሥራ ሁለት ነጥብ ተመርቶ ደረሰ፤ ከዚያም ተሸነፈ።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። በቤዝቦል አንድ ወርዋሪ መትቶ ገና ዞሮ ያልጨረሰ ሰው መስመር ላይ ትቶ ቢቀየርና ያ ሰው በተተኪው ጊዜ ቢገባ፣ ነጥቡ የሚጻፈው በቀደመው ወርዋሪ ስም ነው። በሒሳብ ቤት እንዲህ ያለ ፍትሕ አይቼ አላውቅም። ሆኖም ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ቁጥር አንድ ነው፤ በየትኛው ወርዋሪ ጊዜ እንደገባ አይለይም። ኢስትዊክ ሃያ ሁለቱ ነጥብ በየትኞቹ ወርዋሪዎች ጊዜ ገባ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ መልሱ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ከእሱ በፊት የወረወሩት አራቱም እዚያው ነበሩ።

ስለዚህ የተበላሸ መዝገብ ስትረከቡ መጀመሪያ ቀን ቁረጡ። በዚያ ቀን በባንክ ያለውን ከባንክ በጽሑፍ ጠይቁ፣ በካዝና ያለውን በምስክር ፊት ቁጠሩ። ከዚያ ቀን በፊት ያለውንና ያልገባችሁን ለብቻው ያልተጣራ ብላችሁ አስቀምጡት፤ አትደብቁት፣ አታባብሉት፣ በግምትም አትዝጉት። ከዚያ የዛሬውን ወር ዝጉ። ቀጥሎ የሚመጣውንም። የቀደመው ሰው ስም በፋይሉ ላይ ስላለ የትም አይሄድም። ሌብነት ከሸተታችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በዚያው ቀን ለአለቃችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

እኔ አሥራ አንዱን ገጽ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና የያዝነውን ወር በዘጠኝ ቀን ዘጋሁ። የኋላውን ስድስት ወር ለመጨረስ እስከ ገና ቆየሁ። ዝርዝሩን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ ጠረጴዛዬን ለአንዲት ወጣት አስረከብኩ። ያልጨረስኳቸው ሦስት ነገሮች ነበሩ፦ አንድ መልስ ያልመጣበት የባንክ ደብዳቤ፣ አንድ አከራካሪ ክፍያና አንድ ምንጩን ያላገኘሁት የ40 ዶላር ልዩነት። ሦስቱንም ከነቀናቸው በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ከሥሩ ስሜን ጽፌ ፈረምኩበት። ልጅቷ አንብባ ቀና አለችና «አርባ ዶላሯ የእርስዎ ናት ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ፣ የእኔ ናት አልኳት።