እናቴ በስሜ ካርድ አውጥታ ነበር
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር አሜሪካ ከሚኖሩ አንባቢያን ከመጡልኝ ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፦ የቤተሰብ ሰው በስማቸው ያስገባባቸው የክሬዲት ካርድ እዳ። ሁሉም ከገንዘቡ ይልቅ የከበዳቸው ዝም ማለቱ ነው።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። አፓርታማ ልከራይ ሳመለክት በክሬዲቴ፣ ማለትም በብድር ታሪኬ፣ ምክንያት ተከለከልኩ። የክሬዲት ሪፖርቴን ሳወጣ 18 ዓመት እንደሞላኝ በስሜ የተከፈተ ካርድ አገኘሁ፤ 8,700 ዶላር እዳ አለበት። ያወጣችው እናቴ ናት። ያኔ ከሥራ ወጥታ ነበር። ስጠይቃት አለቀሰች፤ «ቀስ ብዬ እከፍልልሻለሁ» አለችኝ። ፖሊስ ጋ ልሄድባት አልችልም። ዝም ብዬ ልክፈለው?

መልስ፦ ልጄ፣ ለአሁኑ አንድም ዶላር አትክፈይ። ያልጠየቅሽው፣ ያልፈረምሽበት፣ ያልተጠቀምሽበት ካርድ እዳ ያንቺ አይደለም። መክፈል ከጀመርሽ ግን እዳውን የተቀበልሽ ያስመስልብሻል። በብዙ ስቴቶች ደግሞ ትንሽ ክፍያ እንኳ አበዳሪው የሚከስበትን የጊዜ ገደብ እንደ አዲስ ሊያስጀምረው ይችላል።

የእናትሽን እንባ አልጠራጠርም። ችግር ያስጨነቃት እናት ናት። ነገር ግን «ቀስ ብዬ» የሚባለው ጊዜ ሁሉ የሚቆጠረው በአንቺ ስም ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሷን አስቀምጠሽ አነጋግሪያት። ቀሪውን እዳ በራሷ ስም ወዳለ ካርድ ወይም ብድር ማዛወር ከቻለች ለሁለታችሁም ቀላሉ መንገድ ይኸው ነው። ካልቻለች የሚቀረው ማጭበርበሩን ለመንግሥት ሪፖርት ማድረግ ነው። ይህንንም ከባንክ ደብዳቤ ሳይሆን ካንቺ አፍ ትስማው።

ሪፖርቱ የሚሞላው በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን «አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ» በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነው። ሪፖርቱን ከመታወቂያሽ ጋር የሰዉን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ሦስት ድርጅቶች፣ ለኢክዊፋክስ፣ ለኤክስፒሪያንና ለትራንስዩኒየን ስትልኪ፣ የተጭበረበረውን አካውንት በ4 የሥራ ቀናት ውስጥ ከክሬዲት ሪፖርትሽ ላይ እንዲያግዱ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ባንኩንም ካርዱ የወጣበትን ማመልከቻ ቅጂ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ማስረጃሽ ከተሟላ በ30 ቀን ውስጥ በነፃ ሊሰጥሽ ይገባል። ባንኩ የፖሊስ ሪፖርት ጭምር ሊጠይቅሽ እንደሚችል ግን እወቂ። ከዚህ ቀደም የረዳኋት አንዲት ልጅ የማመልከቻው ቅጂ ሲደርሳት አብረን አየነው። ስሟና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯ የራሷ ነው። ስልኩ የእናቷ። «መሥሪያ ቤት» በሚለው ሣጥን ውስጥ፣ እሷ ገና ተማሪ ሳለች፣ እናቷ የምትሠራበት ቦታ ተሞልቷል። ልጅቷ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ለረጅም ጊዜም ምንም አልተናገረችም።

ሪፖርት ማድረግ ክስ መመሥረት አይደለም፤ የሚከሰውን የሚወስነው ዐቃቤ ሕግ ነው። እናትሽ በፍጹም አትጠየቅም ብዬ ግን ልዋሽሽ አልችልም። አንቺም «ማን እንደሆነ አላውቅም» ብለሽ አትጻፊ፤ ሐሰተኛ ሪፖርት ራሱ ወንጀል ነው። ይህን ሁሉ አውቀሽ «ከእናቴ ይልቅ እዳው ይሻለኛል» ካልሽ ምርጫው ያንቺ ነው፤ አልፈርድብሽም። ብቻ ተጨንቀሽ ሳይሆን አስበሽበት ይሁን።

የትኛውንም ብትመርጪ ዛሬውኑ በሦስቱም ድርጅቶች ክሬዲትሽን ፍሪዝ አድርጊ፤ ማለትም ማንም በስምሽ አዲስ ካርድ እንዳይከፍት አዘጊው። ከ2018 ጀምሮ በነፃ ነው።

ጥያቄ፦ ለታናሽ ወንድሜ ነዳጅ እንዲሞላ ካርዴን ሰጠሁት። ሳይነግረኝ 3,200 ዶላር አጠፋ። ባንኩ «ካርዱን የሰጡት እርስዎ ነዎት» አለኝ። ሕጉ ከ50 ዶላር በላይ አያስከፍልም ሲባል አልሰማሁም እንዴ?

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ ግን የሚሠራው ያለ ፈቃድ ለተወሰደ ካርድ ነው። ከኪስዎ ሰርቆት ቢሆን ኖሮ ጣሪያው 50 ዶላር ነበር፤ ካርዱ እጅዎ ላይ እያለ ቁጥሩን ብቻ ወስዶ ቢሆን ደግሞ ዜሮ። በእጅዎ ከሰጡት ግን፣ ከተስማማችሁበት በላይ ቢያወጣም፣ ለባንኩ እስካላሳወቁ ድረስ እንደተፈቀደለት ይቆጠራል። ያሳዝናል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም በዚህ ነው። አሁኑኑ ደውለው ፈቃዱን ማንሳትዎን ይንገሩ፤ የካርዱንም ቁጥር ያስቀይሩ። ከዚያ በኋላ የሚያወጣው በእርስዎ አይቆጠርም። ያለፈውን ወንድምዎ ይክፈል፤ መጠኑንና ቀኑን ጽፎ ይፈርምልዎ። በወንድማማቾች መካከል ወረቀት መጻፍ ነውር አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በራሱ ካርድ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ አድርጎኝ ነበር። አሁን መክፈል አቁሟል፤ እዳ ሰብሳቢዎች ለኔ ይደውላሉ።

መልስ፦ ተጨማሪ ተጠቃሚ ባለእዳ አይደለም። ካርዱ ላይ ስምዎ መኖሩ ብቻ አያስከፍልዎትም፤ በጋራ አመልክታችሁ ከሆነ ግን ሌላ ነው። እንደ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ባሉ ስቴቶች በትዳር ውስጥ የተገባ እዳ ባልንም ሚስትንም ሊነካ ስለሚችል እዚያ ካሉ ጠበቃ ያማክሩ። በስልክ «እሺ» አይበሉ። የሰብሳቢው የማሳወቂያ ደብዳቤ በደረሰዎ በ30 ቀን ውስጥ «እዳው የኔ መሆኑን አስረዱኝ» ብለው በጽሑፍ ይመልሱ። ከካርዱም እንዲያወጡዎ ባንኩን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በ9 ዓመት ልጄ ስም የክሬዲት ካርድ ደብዳቤ መጣ። የቀድሞ ባለቤቴ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯን ያውቃል። ልደንግጥ?

መልስ፦ ማስታወቂያ ብቻ ከሆነ ምናልባት በስሟ የቁጠባ ሒሳብ ስላላት ሊሆን ይችላል፤ ሰው ከመወንጀልዎ በፊት ይጣራ። ሒሳብ ወይም የክፍያ ጥያቄ ከሆነ ግን አይዘግዩ። በዚህ ዕድሜ የክሬዲት ሪፖርት ሊኖራት አይገባም። ሦስቱ ድርጅቶች በሶሻሏ መዝገባቸውን እንዲፈትሹ ይጠይቁ፤ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ በነፃ ፍሪዝ ማስደረግ ይችላል። የልደት ሰርተፍኬቷን፣ የሶሻል ካርዷንና የእርስዎን መታወቂያ ቅጂ አያይዘው ለሦስቱም ለየብቻ በፖስታ ይላኩ፤ ዋናውን ግን ከእጅዎ አያውጡ።