ሁለት ቅርንጫፍ በተራ ኢንተርኔት ማገናኘት፦ ከቪፒኤኑ በፊት አይፒውን እይ

ሰላም ወንድሜ። አዲስ አበባ ያለውን ቢሮና አዳማ ያለውን መጋዘን በተራ ኢንተርኔት አገናኝተህ፣ የመጋዘን ልጆች ቢሮ ያለውን የሒሳብ ፕሮግራም፣ ፒችትሪን፣ እንዲከፍቱ ነው የፈለግከው፤ የግል መስመር መከራየትም ውድ ሆኖብሃል። በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ ለሁለቱ ቦታ ብቻ በሚሠራ ዝግ መስመር፣ ይቻላል። እኔ መርካቶ ያለ ሱቅና ሐዋሳ ያለ ቅርንጫፍ በዚሁ መንገድ አገናኝቼ ሦስት ዓመት ሆነው።

ምንም ሳትነካ በፊት ግን የሁለቱን ቦታ የውስጥ አይፒ፣ ማለትም ዕቃዎቹ እዛው ቤት ውስጥ የሚታወቁበትን የቁጥር አድራሻ፣ እይ። ሁለቱም በ192.168.1 የሚጀምሩ ከሆኑ፣ ብዙ ራውተር ደግሞ ከፋብሪካ እንደዛ ነው የሚመጣው፣ ቪፒኤኑ ቢገናኝም አይጠቅምህም። እኔ ሁለት ቀን የፈጀሁት እዚህ ላይ ነው። ሐዋሳ ቁጭ ብዬ የመርካቶውን ሰርቨር 192.168.1.10ን ፒንግ ሳደርግ፣ ማለትም አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ይመልሳል፤ የሰርቨሩን ፎልደር ልክፈት ስል የለም። ለካ ሲመልስልኝ የቆየው እዛው ክፍል ያለው ፕሪንተር ነው! ስለዚህ አንዱን ወደ 192.168.20 ቀይረው። ፕሪንተርና ካሜራ ላይ በእጅ የተሞላ አይፒ ካለ እሱንም አትርሳ።

ቀጥሎ ፐብሊክ አይፒ፣ ማለትም ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ። ለአንዱ ወገን ብቻ ይበቃል። ራውተሩ ላይ የሚታየው የኢንተርኔት አይፒ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ወይም በ10 ከጀመረ ፐብሊክ አይደለም፣ ከውጭ ማንም አያገኝህም። ለቢሮው ቋሚ አይፒ ጠይቅ፣ መጋዘኑ ወደ እሱ ይደውል፣ ማለትም ግንኙነቱን እሱ ይጀምር።

ራውተርህ ማይክሮቲክ ከሆነ ራውተር ኦኤስ 7 በሚባለው ሶፍትዌሩ ላይ ዋየርጋርድ የሚባል ቪፒኤን አለ፣ እሱን ተጠቀም። መጋዘን በኩል ኪፕአላይቩን፣ መስመሩ እንዳይዘጋ በየጊዜው የሚላከውን ምልክት፣ 25 ሰከንድ አድርገው፤ አለዚያ ዝም ሲል መስመሩ ይዘጋል፣ ከቢሮ በኩልም ልትደርስበት አትችልም። ሩቱን፣ ወደ ሌላው ቦታ አይፒ በየት እንደሚኬድ ለራውተሩ የሚነግረውን፣ በእጅህ መጨመር አለብህ፣ ማይክሮቲክ ራሱ አይጨምርልህም።

አሁን ዋናው ነገር። ፒችትሪን በቪፒኤኑ ላይ በቀጥታ አትክፈተው፣ እባክህ። ፕሮግራሙ ፋይሉን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ እየጠየቀ ነው የሚሠራው። አንድ ቢሮ ውስጥ አንዱ ጥያቄ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው፤ በኢንተርኔት 20 ሚሊሰከንድ ቢሆን 1,000 ጥያቄ 20 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። የእኛ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ደረሰኝ ለመክፈት ሻይዋን ጠጥታ ትጨርስ ነበር። ፍጥነት ጨምር ብለው አስጨመሩኝ፣ ገንዘቡ ወጣ፣ ለውጥ የለም፤ ችግሩ የመስመሩ ስፋት ሳይሆን ምልልሱ ስለሆነ። ከዛ በላይ የሚያስፈራው ደግሞ መመዝገብ ላይ እያለች መስመሩ ቢቆረጥ ፋይሉ ሊበላሽ መቻሉ ነው።

መፍትሔው ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ፕሮግራሙ ቢሮ ያለው ማሽን ላይ ይሠራል፣ መጋዘን የሚደርሰው ምስሉ ብቻ ነው። መስመሩ ቢቋረጥም ተመልሳ ስትገባ ሥራዋ ካቆመችበት ይጠብቃታል። ተራ ዊንዶውስ ፕሮ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ካለ ዊንዶውስ ሰርቨር ከነፈቃዱ ያስፈልግሃል። ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበትን 3389 ፖርትን ግን በምንም ተአምር ለኢንተርኔት እንዳትከፍት፤ ቪፒኤኑ የተሠራው ለዚሁ ነው።

መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥንም ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ፣ በሁለቱም ቦታ። መጀመሪያ የሁለቱን ራውተር የኢንተርኔት አይፒ አይተህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ብቻ እዚህ ጻፍልኝ፣ ሙሉውን አትለጥፈው። ከዛ ማን ለማን እንደሚደውል እነግርሃለሁ።