የእሑድ ፈረቃና ቅዳሴ

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን በአንድ ፋብሪካ ከተቀጠርኩ ወዲህ የእሑድ ፈረቃ ከቅዳሴ አርቆኛል፤ ጸሎቴም ቀዝቅዟል። ሥራውን ልልቀቅ? (አንባቢ፣ ከሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መቀዝቀዝዎን ማስተዋልዎ ራሱ ነፍስዎ ገና ንቁ መሆኗን ያሳያል፤ ሆኖም በሐዘን ተገፍተው አይወስኑ። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ሳለ በንጉሡ ማዕድ ላለመርከስ በልቡ ቢቈርጥም ኮብልሎ አልሄደም፤ የበላዮቹን በትሕትና ለምኖ የ10 ቀን መፈተኛ ጠየቀ እንጂ። እርስዎም አስቀድመው የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ከዚያም ከባልደረባዎ ጋር ፈረቃ እንዲቀያየሩ አለቃዎን ይጠይቁ። እስከዚያው፣ የአገራችሁ ብርድ ሌሊት መነሣትን እንደሚያከብድ ብናውቅም፣ ከፈረቃ በፊት አጭር ጸሎት አያስታጉሉ። ልመናዎ ተቀባይነት ካጣ ሌላ ሥራ ይፈልጉ፤ እስኪያገኙ ድረስ ግን የያዙትን አይልቀቁ።