የእናትሽ ስጦታ ስንት ብር ያስወጣሻል?

ከአራት ኪሎ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በአካውንቲንግ ተመርቀሻል። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ የግል ድርጅት ለሥራ ጠርቶሻል። ልብሽ ያለው ግን ማታ ማታ የምትሠሪው የግላስ ብሎክ መብራት ላይ ነው። ለመታጠቢያ ቤትና ለደረጃ ግድግዳ የሚገባውን ያን ወፍራም መስታወት በድሪል ቀዳዳ ታወጪለትና ውስጡ የገና መብራት ታስገቢበታለሽ፣ ፊቱ ላይ መስቀል ወይም የሙሽሮቹን ስም ትስያለሽ፣ በሪባን አስረሽ ካርቶን ውስጥ ታደርጊዋለሽ። እናትሽ ደግሞ «ዲግሪ ይዘሽ ብሎኬት ትቀቢያለሽ?» ይሉሻል።

ብዙ ነገር ጠይቀሽኛል። ሥራውን ልቀበል ወይ፣ ብድር ልውሰድ ወይ፣ አሜሪካ ላለችው አክስቴ ልላክላት ወይ። እኔን የያዘኝ ግን ሳትጠይቂ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው። «እማዬ ሠርግ ስትጠራ አንድ አንድ ትወስዳለች፣ ያው ቤተሰብ ነው» ብለሻል።

እስቲ የተማርሽበትን ሒሳብ እናውጣው። ብሎኩ 400፣ መብራቱ፣ ቀለሙ፣ ሪባኑና ካርቶኑ 250፣ በድምሩ 650 ብር ታወጫለሽ። በ800 ትሸጫለሽ። 150 ብር አተርፋለሁ ብለሻል። አታተርፊም። ከአምስቱ አንዱ ድሪል ላይ ይሰነጠቅብኛል ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። የዚያ የተሰነጠቀ ብሎክ 400 ብር ደህና በወጡት አራቱ ላይ ይከፋፈላል፣ ለእያንዳንዱ 100 ብር። ስለዚህ እውነተኛ ወጪሽ 750፣ ትርፍሽ 50 ብር ነው፣ ያውም አምስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለሽ ለሠራሽበት ምንም ሳይታሰብልሽ። አሁን እናትሽ አንዱን አንስተው ለጎረቤት ሠርግ ሲሄዱ ከኪስሽ 750 ብር ወጣ። እሱን ለመመለስ 15 መብራት መሸጥ አለብሽ። አሥራ አምስት!

እዚህ ላይ ፊት ለፊት ልናገር። እናትሽን አከብራለሁ። ግን ሥራሽን «ይሄም ሥራ ሆኖ» ብሎ የሚንቅ ሰው የሠራሽውን ታቅፎ ሠርግ ቤት ገብቶ «ልጄ ናት የሠራችው» ብሎ መኩራቱ ልክ አይደለም። ወይ ሥራ ነው፣ ወይ አይደለም። እኛ ሀገር ሴት ልጅ ቤት ተቀምጣ በእጇ የምትሠራው ነገር እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ይታያል። ስንት እናቶች ዓይናቸው እስኪደክም የሠሩት ዳንቴልና ጥልፍ እንዲሁ በ«ያው ቤተሰብ ነው» ሄዷል። አንቺ ዛሬ ዝም ካልሽ ነገ የአጎት ልጅ፣ ከነገ ወዲያ የዕድር ጓደኛ ይመጣል፣ ያኔ እምቢ ለማለት አፍ አይኖርሽም።

ለእናትሽ ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው። «እማዬ፣ ካንቺ ትርፍ አልይዝም፣ ወጪው ግን 750 ነው» በያቸው። መጀመሪያ ላይ ቅር ይላቸዋል። ቅር ይበላቸው። ያንን ብር ቢከፍሉም ባይከፍሉም ደብተርሽ ላይ የወሰዱትን በቀንና በብር ጻፊ፣ ገጹንም አሳያቸው።

ዋጋሽንም ከፍ አድርጊ። አንድ በአንድ ከመሥራት ቅዳሜ ብሎኮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሽንቆራቸው ቢያልቅ አምስቱ ሰዓት ወደ ሦስት ይወርዳል ብዬ አስባለሁ። ለሰዓትሽ 100 ብር ብቻ ብትይዢ እንኳ 1,050 ደረስን። ከ1,200 በታች ትዕዛዝ አትቀበይ። በ800 የለመዱ ደንበኞች ይቀራሉ። ይቅሩ።

ስንጥቁን መቀነስ ደግሞ በቀጥታ ገንዘብ ነው። ግላስ ብሎክ ሁለት ግማሽ መስታወት በትኩሱ ተገጣጥሞ የሚሠራ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። ስለዚህ ድሪሉ እየመታ የሚበሳበትን የመዶሻ ምት አጥፊ፣ የአልማዝ ፑንታ (ድሪሉ ጫፍ ላይ የሚገባ መብሻ) ተጠቀሚ፣ ፍጥነቱን ቀንሺ፣ ውኃ ጠብ ጠብ እያልሽበት ሥሪ፣ ሊያልፍ ሲል ግፊትሽን ቀንሺ። አብዛኛው የሚሰነጠቀው ሰው ቸኩሎ ሲጫነው ነው። ውኃው ብናኙንም ይይዝልሻል። የመስታወት ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፣ ማስክና መነጽር ሳታደርጊ አትንኪው። ቀለም ከመቀባትሽ በፊት መስታወቱን በአልኮል ጥረጊው፣ የእጅ ቅባት ካለበት ይላጣል። ውስጡ የሚገባው መብራት ኤልኢዲ ብቻ ይሁን፣ ተራ አምፖል ይግላል።

የሥራ ጥሪውን ተቀበይ። እናትሽ ቋሚ ደመወዝ ይሻላል ያሉት ትክክል ነው፣ «ሰው ምን ይላል» ያሉትን ግን ተይው። የስጦታ ገበያ ወቅት አለው። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ከጥምቀት በኋላ ያለው የጥር ሠርግ፣ የክረምቱ ምረቃ ጥሩ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሠርጉ ይቆማል፣ የቤት ኪራይ ግን በሁዳዴም ይከፈላል። እኔ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ሆኜ ማታ ማታ መጋረጃ እሰፋ ነበር። የለቀቅኩት የመጋረጃው ገቢ ክረምት ከበጋ ደመወዜን ሲበልጥ ነው፣ እስከዚያ ድረስ ግን ከማንም ሳልበደር ክርና ጨርቅ የገዛሁት በዚያች ደመወዝ ነው።

ስለዚህ ብድሩ ይቆይ። ለአክስትሽ መላኩንም ተይው፣ 19 በ19 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነው አንዱ ብሎክ ብቻውን ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ እዚያ ደግሞ ቀዳዳ ወጥቶለት ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ አለ። ቸርችል ጎዳና ያሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች «ሲሸጥ እንከፍልሻለን» ካሉሽ ከሁለት በላይ አትተዪላቸው። ንግድ ፈቃዱን ወረዳሽ ሄደሽ ጠይቂ፣ ሱቆቹ ደረሰኝ ማለታቸው አይቀርም።

የጥር ሠርግ ትዕዛዝ ከኅዳር ጀምሮ ነው የሚመጣው። አዲሱን ዋጋ ከዚያ በፊት ለሰው አሳውቂ። ቀብድ ግማሹን ተቀበይ። የሙሽሮች ስም የሚጻፍበት ከሆነ ግን ሙሉውን፣ ቢቀሩብሽ ለሌላ ሰው አይሸጥም።