ሁለት ኮከብ ከሰጠው ልተወው?

«ሮጀር ኢበርት ለግላዲያተር ሁለት ኮከብ ብቻ ሰጠው፤ ታዲያ ምኑን ልመነው?» ላልከው ወንድሜ። እኔ ይህን አሜሪካዊ የፊልም ሐያሲ አምነዋለሁ። አልስማማም እንጂ።

ግላዲያተርን ያየሁት ቡራዩ፣ ጭቃ ረግጠን የምንገባበት ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። በሩ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዷል። ምስሉ ከመደብዘዙ የተነሳ ፊት የምንለየው በግምት ነበር። የፊልሙ ጀግና ማክሲመስ የራስ ቁሩን አውልቆ ስሙን ሲናገር ግን አግዳሚው ሁሉ ብድግ አለ! ከዓመታት በኋላ የኢበርትን ጽሑፍ ሳነብ፣ ሰውዬው ፊልሙ ራሱ ደብዛዛና ጭቃ የመሰለ ነው ብሎ ያማርራል። ሳቄ መጣ። እኛ እኮ የቅጂው ጥፋት መስሎን ነበር።

ደግሞ ኮከቡ ከአራት እንጂ ከአምስት አይደለም። ኢበርት ከ1967 እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ሰን ታይምስ ጋዜጣ ላይ ጽፏል። በፊልም ሂስ ፑሊትዘርን፣ ትልቁን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት፣ የተሸለመ የመጀመሪያው ሰው ነው፣ በ1975። ብሉ ቬልቬት ለተባለው ፊልም አንድ ኮከብ ሲሰጥ ምክንያቱን አልደበቀም፤ ተዋናይቷ ኢዛቤላ ሮሴሊኒ እንዲያ ተዋርዳ መታየቷ አንገብግቦታል። ብዙዎች ፊልሙን ያደንቁታል። እኔ ግን እዚህ ላይ ከሱ ጋር ነኝ።

ለጎድፋዘር ክፍል ሁለትም መጀመሪያ ሦስት ኮከብ ነበር የሰጠው። በኋላ «ታላላቅ ፊልሞች» ብሎ ከመረጣቸው ተርታ አስገባው። እንዲህ አንድን ፊልም ተመልሶ የሚያይ ሐያሲ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ኮከቡን ዝለለው፣ ጽሑፉን አንብብ። የጠላበት ምክንያት አንተ የምትወደው ነገር ከሆነ፣ ፊልሙን ሳታመነታ ክፈተው።